የጀልዴሳ ሻኛ

አማርኛ ስብን በአንድ ስም ብቻ ጠርቶ አይረካም። በሥጋው መሐል ሲያብለጨልጭ ጮማ ነው፤ አንጀት ላይ እንደ ሻሽ ተዘርግቶ ሲገኝ ሞራ ነው፤ ከበግ ጭራ ላይ ሲንጠለጠል ላት፣ ከበሬና ከግመል ጀርባ ላይ ሲቆለል ሻኛ፣ ከወተት ተንጦ ሲወጣ ቅቤ ይባላል። ስሙን የሚለዋውጠው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሞራ ገላጩም የታረደውን በግ ሞራ ዘርግቶ ዕጣ ሲያነብ ስቡን በሚዛን አይመዝነውም፤ የት እንደቀጠነ፣ የት እንደወፈረ፣ የትኛው ሥር በየት በኩል እንዳለፈ ይመለከታል። ዕጣው ይድረስም አይድረስ፣ አካሄዱ ለታሪክ ጸሐፊም አይከፋም፤ አንድን ክምችት ለማወቅ መጠኑን ከመስፈር አስቀድሞ ከምን ጋር እንደተያያዘ መጠየቅ። ድሮ የሐረር በር የነበረችው ጀልዴሳ በዚህ ዓይን ልትታይ ይገባታል። ስለ እርሷ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ቀረጥና ስለ አሚሮች ነው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፤ ያቺን መንደር ያቆማት በሻኛ፣ በላትና በቅቤ መልክ የተከማቸ ስብ ነበር፤ ለስቡ ዋጋ የሰጠው ደግሞ መገናኛው ነበር፤ መገናኛው ሌላ ቦታ ሲተከል ስቡ ሳይጎድል መንደሯ ቀረች።

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ የሐረር ተራሮች ወርደው ከኢሳ በረሃ ጋር በሚገጥሙበት ግርጌ ላይ ትገኛለች፤ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ቃሉ በአፋን ኦሮሞ ዝንጀሮ ማለት ነው። በስተደቡብ ያለው ደጋ የኦሮሞ ገበሬዎች ማሽላ፣ ቡናና ጫት የሚያበቅሉበት ነው፤ በስተሰሜን እስከ ባሕሩ የተዘረጋው ቆላ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች አገር ነው። ከዘይላ ወደብ፣ ከ1880 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከጅቡቲም የተነሣ ቅፍለት በረሃውን ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አቋርጦ እዚህ ይደርሳል። እዚህም ይቆማል። የኢሳ ግመሎች ጭነታቸውን ያራግፋሉ፤ ጨርቁ፣ ጨውና ጠመንጃው በአህያ፣ በበቅሎና በደጋው ሰዎች ግመል ተጭኖ ሽቅብ ወደ ሐረር ይወጣል፤ ከላይ የወረደው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በፈንታው ወደ በረሃው ግመል ይዛወራል። ከጀልዴሳ እስከ ሐረር የሁለት ቀን ያህል መንገድ ነው። በካርታ ላይ ከጠቅላላው ጉዞ ትንሿ ቁራሽ ናት፤ በጉልበት ሲለካ ግን ከ1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት መውጣት ነው።

ገዥዎች የዚህን ቦታ ዋጋ ያውቁ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ራኡፍ ፓሻ የግብፅን ጦር ይዞ ሐረርን ከያዘ በኋላ ግብፆቹ ከዘይላ የሚመጣውን መንገድ ለመጠበቅ ጀልዴሳ ላይ ወታደር አሰፈሩ። በ1877 ለቀው ሲወጡ በሩ ለአሚር አብዱላሂ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ኮንት ፖሮ የሚባል ኢጣሊያዊ ከነጓደኞቹ በዚሁ አካባቢ ተገደለ። በ1879 ገና ሰሞን ምኒልክ ጨለንቆ ላይ አሚሩን ድል አድርገው ሐረርን በኋላ ራስ ለተባሉት ለመኮንን ሰጡ፤ ጀልዴሳም የመኮንን የቀረጥ ኬላ ሆነች። ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርቱር ራምቦ በ1883 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው፣ አሥራ ስድስት ሰዎች በሚፈራረቁበት ቃሬዛ ከሐረር ወደ ዘይላ ሲወርድ አልፎባታል፤ በሕመም ላይ ሆኖ በያዛት አጭር የጉዞ ማስታወሻ ስሟን ጽፏል። በ1889 ወደ ምኒልክ የተላከው የእንግሊዙ ሬኔል ሮድ መልእክተኛ ቡድንም ከዘይላ ተነሥቶ በዚሁ መጣ። ከእነዚህ መንገደኞች ጽሑፍ የምትወጣው ጀልዴሳ አንድ ዓይነት ናት፤ የምትሞቅ፣ የምታሰለች፣ ግመል የሚለወጥባትና ሰው ለማለፍ የሚቸኩልባት ማረፊያ። መንገደኛ ማረፊያን እንዲህ ቢያይ አይፈረድበትም። የታሪክ ጸሐፊ ግን ግመሉ ለምን ይለወጣል ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

መልሱ የሚጀምረው ከግመሉ ጀርባ ነው። ብዙ ሰው ሻኛውን የውኃ ገንቦ አድርጎ ያስበዋል። ኖርዌይ የተወለደው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ክኑት ሽሚት ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአልጄሪያ ሰሃራ ግመሎችን አጥንቶ ይህን አፈረሰው። ስብ በሰውነት ውስጥ ሲቃጠል ውኃ እንደሚወጣው እውነት ነው፤ አንድ ግራም ስብ ከአንድ ግራም በጥቂቱ የሚበልጥ ውኃ ይሰጣል። ነገር ግን ስቡን ለማቃጠል ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ኦክስጅን ለማግኘት መተንፈስ፣ በደረቅ አየር ውስጥ መተንፈስ ደግሞ ከሳንባ እርጥበት ማጣት ነው። ሒሳቡ ሲደመር ትርፍ የለውም። ግመል ጥምን የሚችለው በሌላ ዘዴ ነው፤ የሰውነቱን ሙቀት ሌሊት ወደ 34፣ ቀን ወደ 41 ዲግሪ እያወጣና እያወረደ ላብ ይቆጥባል፣ ከክብደቱ ሩቡን የሚያህል ውኃ ቢያጣም ይቆማል፣ ውኃ ሲያገኝም በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ታዲያ ሻኛው ምንድን ነው? ስንቅ ነው። በደህና ግመል ላይ ሠላሳ ኪሎና ከዚያም የሚበልጥ ስብ ይከማቻል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ጉልበት ሲይዝ አንድ ግራም ስታርች የሚይዘው 4 ገደማ ነው፤ በዚያም ላይ ስብ ውኃ ሳይሸከም በደረቁ ይቀመጣል። አንድ ቦታ ላይ መቆለሉም በከንቱ አይደለም፤ በቆዳው ሥር ሁሉ ቢነጠፍ ኖሮ እንስሳው በበረሃ ፀሐይ ጋቢ እንደደረበ ሰው ይታፈን ነበር።

ይህን ወደ ነጋዴ ሒሳብ እንመልሰው። በቅሎ ገብስና ድርቆሽ ትፈልጋለች፤ በረሃ ውስጥ ሁለቱም የሉም፤ ስለዚህ ከጭነቷ ከፊሉ የራሷ መኖ መሆን አለበት። መንገዱ በረዘመ ቁጥር የምትሸከመው የምትበላውን ብቻ ይሆናል። የኢሳ ግመል ግን ከ150 እስከ 200 ኪሎ የሰው ዕቃ ጭኖ የራሱን ስንቅ በጀርባው ላይ ያለ ኪራይ ይወስዳል፤ በየመንገዱ ያገኘውን የግራር ቅጠል ይመነጥራል፤ ያልሞላለትን ከሻኛው ይከፍላል። የበረሃው ዝናብና የዝናቡ ሣር ማለት እንግዲህ ወራት አልፎት የቡና ማመላለሻ የሚሆን ጉልበት ነው። ግመል ገዥ ከሁሉ አስቀድሞ ሻኛውን የሚያየው ለዚህ ነው፤ የቆመው ሻኛ የዘንድሮን ግጦሽ ይናገራል፣ የተጋደመው ደግሞ ዕዳ ያለበት እንስሳ ነው። የጀልዴሳን የንግድ መዝገብ ማንም ቢጽፈው የመጀመሪያው ገጽ መጻፍ የነበረበት ስለ ፓሻው ሳይሆን ስለዚህ ግጦሽ ነበር።

እዚህ ላይ ከሻኛው ውጪ ያለውን ትተን ወደ ውስጡ እንግባ፤ የክርክሬ አንገት ያለው እዚያ ነው። ሕዋስ ስብን እንደ ጆንያ እህል አያራግፈውም። ከደም የተቀበለውን የስብ አሲድ ሦስት ሦስቱን ከአንድ ግሊሰሮል ጋር ያስራል፤ ይህን የሚሠሩት ኢንዛይሞች የሚገኙት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም በሚባለው፣ በሕዋሱ ውስጥ እንደ መረብ በተዘረጋው ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ድርብ ነው። አዲስ የተሠራው ስብ ከውኃ ጋር ስለማይስማማ በሁለቱ ገጾች መሐል ይሸሸጋል፤ ሲበዛ እንደ ምስር ፍሬ ያብጣል፤ ከዚያም ወደ ሕዋሱ ፈሳሽ በኩል አጎንቁሎ ጠብታ ሆኖ ይወጣል፤ ሲወጣ የሚከናነበው ከድርቡ አንዱን ገጽ ብቻ ነው። ጠብታው ባጎነቆለበት አንገት ላይ ሴይፒን የሚባል ፕሮቲን እንደ ቀለበት ይቀመጣል። ጠብታው ካደገ በኋላም ከተወለደበት መረብ ጋር ይነካካል፤ በሌላ ጎኑ ማይቶኮንድሪያ ተጠግታው ስቡን ታቃጥላለች፤ ፔሪሊፒን የተባሉ ፕሮቲኖች ላዩን ሸፍነው ማን መቼ እንደሚገባ ይቆጣጠራሉ። በስብ ሕዋስ ውስጥ ጠብታዎቹ አድገው መላ ሕዋሱን የሚሞላ አንድ ትልቅ ጠብታ ይሆናሉ፤ ሻኛ ማለት የነዚህ ሕዋሳት ክምር ነው።

የሚገርመው ይህን ለማየት የወሰደው ጊዜ ነው። የስብ ጠብታን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እነ ሪቻርድ አልትማንና ኤድመንድ ዊልሰን በአጉሊ መነጽር አይተው ገልጸውት ነበር፤ ማለትም ጀልዴሳ በግመል ተሞልታ በነበረባቸው በእነዚያው ዓመታት። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ገደማ አብዛኛው ሳይንቲስት ጠብታውን የተረፈ ቅባት የተንጠባጠበበት፣ ሕይወት የሌለው ማስቀመጫ አድርጎ አለፈው። ዓይኑ የተገለጠው ፔሪሊፒን እ.ኤ.አ. በ1991 ከተገኘ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ከልደት ጀምሮ በቆዳቸው ሥር ስብ የማይዙ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርምር የሴይፒን ዘረመል ተለየ። የእነዚህ ሰዎች ችግር የሚያስተምረው ነገር አለ፤ የስብ ሕዋሳቸው መያዝ ያልቻለው ስብ አይጠፋም፤ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ይከማቻል፣ የስኳር በሽታም ያስከትላል። ጉድለቱ የስብ እጥረት አይደለም፤ የማስቀመጫውና የመገናኛው ብልሽት ነው። የበረሃ ማረፊያዋን በአንድ አንቀጽ ያለፉት መንገደኞችና ጠብታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ሊቃውንት የሠሩት ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ዕቃውን አይተው ማሰሪያውን አላዩም።

ሻኛ ዕቃ ይሸከማል፤ ላትና ቅቤ ግን ራሳቸው ዕቃ ነበሩ። የእንግሊዙ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ሲጓዝ ከዘይላ ወደ ባሕር ማዶ ከሚወጡት ነገሮች መካከል የነጠረ ቅቤን ከዝሆን ጥርስ፣ ከቆዳ፣ ከማርና ከሙጫ ጋር ቆጥሮታል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ባሪያዎችም አሉ፤ በዚህ መንገድ ላይ ስለ ስንቅ ስናወራ፣ ስንቅ ሳይኖራቸው በእግራቸው የተነዱ ሰዎች እንደነበሩ መዘንጋት ነውር ይሆናል። የቅቤው ገበያ ከባሕሩ ማዶ ነበር። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1839 ኤደንን ከያዙ በኋላ ያቺ ሣር የማታበቅል የድንጋይ ወደብ ለወታደሮቿና ለሕዝቧ ሥጋና ቅቤ ከሶማሌ ጠረፍ ትጠብቅ ጀመር። ጥቁር ራስ ነጭ ገላ ያለው የሶማሌ በግ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ስቡን ከጭራው ሥር ቋጥሮ ይዟል፤ ስለዚህ ሳይጫን ራሱን በእግሩ እስከ ባሕር የሚያደርስ፣ የመንገዱን ወጪም ከላቱ የሚከፍል ዕቃ ነው። እስከየት እንደደረሰ ለማወቅ ደቡብ አፍሪካን ማየት ይበቃል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመርከብ እዚያ ከደረሱ ጥቂት የዚህ ዘር በጎች የመነጨው መንጋ ጥቁር ራስ ፋርስ ተብሎ ይጠራል፤ ከፋርስ ጋር ግን ዝምድና የለውም፣ የእኛው ቆላ በግ ነው።

ቅቤው ደግሞ የጠብታውን ታሪክ ወደ እጃችን ያቀርበዋል። በወተት ውስጥ ያለው ስብ የጡት ሕዋስ የሠራው ጠብታ ነው፤ ከሕዋሱ ሲወጣ የሕዋሱን የላይ ሽፋን ቆርሶ ተከናንቦ ይወጣል፤ ወተት ተቀምጦ ስቡ ቶሎ የማይያያዘው በዚህ ሽፋን ነው። መናጥ ማለት ይህን ሽፋን በመምታት ቀዶ ጠብታዎቹን ማጋጠም ነው። የላምና የበግ ወተት ለዚህ ይመቻል። የግመል ወተት እምቢ ይላል፤ ጠብታዎቹ ደቃቅ ናቸው፣ ሽፋናቸውም ከስቡ ጋር የጠበቀ ነው። ስለዚህ ከቆላው የሚወጣው ቅቤ በአብዛኛው የበግ፣ የፍየልና የላም ነበር፤ ግመሉ ይሸከመዋል እንጂ አይሰጠውም። ናጮቹም ሴቶች ናቸው። ቅቤውን ንጠው፣ አንጥረው፣ በቁርበት ዕቃ ያስቀመጡት የአርብቶ አደር ሴቶች በኬላ መዝገብም ሆነ በመንገደኛ መጽሐፍ ውስጥ ስም የላቸውም፤ ወደ ባሕር ከሚወርደው ዕቃ መካከል ግን ከዝሆን ጥርስ ይልቅ በየዓመቱ የማይነጥፈው የእነሱ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ጀልዴሳን ያቆመው ውኃ ነው የሚል ነው። የበረሃ መንገድ ከውኃ ወደ ውኃ ይሄዳል፤ ከተራራው የሚወርደው ጅረት አሸዋው ውስጥ ከመስመጡ በፊት የሚያልፍባት ቦታ ማረፊያ ብትሆን ምን ይደንቃል? አይደንቅም። ውኃው መንደሯ የት እንደምትቆም ይነግረናል። ግን በተራራው ግርጌ ጅረት ያለበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሁሉም የሐረር በር አልሆኑም። ውኃ አንድ እንስሳ ነገ እንዲቆም ያደርገዋል፤ በአንድ ውኃና በሚቀጥለው መካከል ጭኖ እንዲሄድ የሚያደርገው ጉልበት ግን ከሻኛው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ የግመሉ መለወጥ የፖለቲካ ነገር ነው፣ ኢሳው ከክልሉ አልፎ ወደ ደጋው አይገባም፣ የደጋው ገዥም ቀረጡን ለመሰብሰብ በሩን እዚያ ተከለ ይላል። ማስረጃም አለው፤ የደጋው ሰዎች ግመል ዳገቱን ይወጣ እንደነበር ራሴ ከላይ ጽፌአለሁ። ግመል መውጣት ከቻለ ተፈጥሮ አስገደደች ማለት አይቻልም።

ለዚህ መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለስላሳ መዳፍ ያለው የበረሃ ግመል በእርጥብ ድንጋይ ላይ መውጣት ይችላል ማለትና ያዋጣዋል ማለት ይለያያሉ። የኢሳ ግመል ወደ ላይ የሚወጣባት እያንዳንዷ ቀን ሻኛውን ከሚሞላው ግጦሽ የሚርቅባት ቀን ናት፤ ደጋው ላይ መኖው የገበሬ ነው፣ በገንዘብ ይገዛል። የደጋው ግመል በአንጻሩ አጭር መንገድ ሄዶ ወደ ባለቤቱ አገዳ ይመለሳል። የሁለት ዓይነት ስንቅ ድንበር እዚያ ነው፤ ከታች በሻኛ የተከማቸ፣ ከላይ በጎተራ የተከማቸ። ሁለተኛ፣ ፖለቲካው በሩን የተከለው ጭነቱ በሚወርድበት ቦታ ነው። ቀራጭ ዕቃ ለመቁጠር ዕቃው መሬት ላይ ሲሆን ይመርጣል። ግብፆች፣ አሚሩ፣ መኮንን አንዱ ሌላውን እየተካ ሲመጣ ሁሉም በሩን እዚያው ማቆማቸው የአንድ መንግሥት ፍላጎት ብቻ ቢሆን ኖሮ አይሆንም ነበር፤ ሦስቱም ጠላቶች ናቸው፣ በዚህ ግን ተስማምተዋል።

ደግሞም ፖለቲካው ከስቡ ውጪ የቆመ ነገር አይደለም፤ ማሰሪያው እርሱ ነው። በኢሳ አገር የሚያልፍ ነጋዴ አባን ያስፈልገው ነበር፤ አባን ማለት እንግዳውን በራሱ ስምና በጎሣው ክብር ዋስ ሆኖ የሚያሳልፍ ሰው ነው፤ ግመል ያስማማል፣ የኪራይ ዋጋ ይቆርጣል፣ ጠብ ይዳኛል። አባን ሳይኖር በረሃው ላይ የቆሙት ሺህ ሻኛዎች ለነጋዴው የማይነካ ሀብት ናቸው። ስቡ አለ፤ የሚያቃጥለው ግን አያገኘውም። በሕዋሱ ውስጥም ማይቶኮንድሪያ ከጠብታው አጠገብ ሆና የሚያገናኛት ፕሮቲን ከሌለ ነገሩ ይህንኑ ይመስላል። ምሳሌው ሁሉን እንደማይሸፍን አውቃለሁ። ፕሮቲን አይዋሽም፣ አይሸፍትም፣ ዋጋ አያስጨምርም፤ አባን ሦስቱንም ያደርግ ነበር። ሕዋስም መገናኛዋን የምትሠራው ለራሷ ስትል ነው፤ ጀልዴሳ ላይ የተገናኙት ግን ጥቅማቸው የተለያየ ሰዎች ናቸው። ምሳሌውን የምይዘው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ክምችትንና መገናኛን ለያይቶ እንድንጠይቅ ያደርገናል። ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ደግሞ ታሪኩ ራሱ ፈተና አዘጋጅቶልናል።

ፈተናው ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ወደቡ ሲለወጥ ነው። ፈረንሳዮች ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ከተዛወሩ በኋላ አዲሱ ወደብ የዘይላን ንግድ ይስብ ጀመር። መንደሯ የዘይላ ጥገኛ ብቻ ብትሆን ኖሮ አብራ መውደቅ ነበረባት። አልወደቀችም። የጅቡቲው መንገድም በረሃውን አቋርጦ እርሷ ጋ መጣ፤ የመንገዱ ጫፍ ተለወጠ፣ ጭነቱ የሚወርድበት ቦታ ግን ያው ሆነ። ሁለተኛው ባቡሩ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር። ዳገቱ ለሐዲድም ከበደ። ግመሉ የቆመበት ያው ተራራ ባቡሩንም አቆመው፤ ነገር ግን ባቡሩ የቆመው ጀልዴሳ ላይ አልነበረም። ሐዲዱ ራቅ ብሎ በምዕራብ በኩል በቆላው ላይ አልፎ በታኅሣሥ 1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲሷ ጣቢያም መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር ተባለች። ጭነቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚወርደው ለገሃር ላይ ሆነ፤ ቀራጩም፣ ነጋዴውም፣ በቅሎ አከራዩም ጭነቱን ተከትሎ ሄደ። በ1909 ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲገባ የበረሃው ቅፍለት መንገድ ዋና መንገድ መሆኑ አበቃለት።

በዚህ መካከል ከጀልዴሳ ምን ጎደለ? ግጦሹ አለ። ግመሎቹ አሉ፤ ሻኛቸውም በዝናብ ይሞላል፣ በበጋ ይጋደማል። በጎቹ ላታቸውን ይዘዋል፤ ሴቶቹም ይንጣሉ። የቀድሞዋን በር ያቆሙ የሚመስሉን ነገሮች ሁሉ በቦታቸው ሆነው በሯ ተዘጋ። ባቡሩ የጎደለውን አላመጣም፤ የነበረውን ከሌላ ጋር አያያዘው። አንድ ሰው እንፋሎት ከሻኛ ይበልጣል፣ ነገሩ ይኸው ነው ሊለኝ ይችላል። ለረጅሙ መንገድ እውነት ነው፤ የድንጋይ ከሰል የሚበላ ሞተር የሚጎትተውን መቶ ግመል አይጎትትም። ለአጭሩ መንገድ ግን ሐሰት ነው፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሐረር የሚወጣው ዕቃ ባቡሩ ከደረሰ በኋላም በእንስሳ ጀርባ ይወጣ ነበር፤ በቆላውም ባቡር ወደማይደርስበት ሁሉ ግመል ይሄዳል። እንስሳው ሥራውን አላጣም፤ ሥራውን ያጣችው ጀልዴሳ ናት።

ዛሬ ከሽንሌና ከአካባቢው ቆላ የግመል ወተት በጠዋት ወደ ድሬዳዋ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡትም የሚሸጡትም ሴቶች ናቸው፤ ዕቃው በጭስ የታጠነ በመሆኑ ወተቱ የጭስ ሽታ አለው። ይህ ወተት እንደ በግ ወተት ተንጦ፣ ነጥሮ፣ ወቅት እስኪመጣለት በቁርበት ዕቃ አይቀመጥም፤ ጠብታዎቹ ከነሽፋናቸው በፈሳሹ ውስጥ እንደተበተኑ ናቸው። በባቡሩ ዘመን የጀልዴሳ ሰው ሳይሸጥ የሚያቆየው ስብ ነበረው፤ የወተት ሻጯ ግን ወተቱን የሚወስደው መኪና ዛሬ ካልመጣ የምታቆየው ነገር የላትም፤ ስለዚህ ገና ሳይነጋ መንገድ ዳር ትቆማለች።